ምርምር ጊዜ ማባከን ነውን?



ለዘንድሮው መጽሔታችን አሳብህን ጻፍ በተባልሁ ጊዜ ስለ ስፖርት ጥቅም ወይም ስለ ጊዜ አጠቃቀም ለመጻፍ አስቤ ነበር። ነገር ግን በቤታችን ውስጥ የተነሣ አንድ ክርክር ከልቤ ስላልወጣ፥ እርሱን ትቼ ሌላ ብጽፍ ራሴን ማታለል መስሎ ታየኝ። ክርክሩም ይህ ነው፤ በሽተኛውን ዛሬ የማያድን ምርምር ጥቅሙ ምንድር ነው? እኔ ቀድሞ ጥቅም የለውም ከሚሉት ወገን ነበርሁ። አሁን ግን አሳቤን ለውጫለሁ። ለምን እንደ ለወጥሁም በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አያቴ ብዙ ዘመን በፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው፥ ለባለጉዳዮች ማመልከቻ በመጻፍ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሰው ናቸው። የእጅ ጽሕፈታቸው እጅግ ያማረ ስለ ነበረ ባለጉዳዩ ሌላውን ጸሐፊ አልፎ ወደ እርሳቸው ይመጣ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ፊደላቸው እያነሰ ሄደ። መስመሩ ሲጀመር ደኅና የነበረው ፊደል ወደ ዳር ሲደርስ የጤፍ ፍሬ ያህል ይሆናል። እኛም «አባባ ወረቀት መቆጠብ ጀመሩ» እያልን እንስቅ ነበር። ቡና ሲቆላ አይሸተኝም ሲሉም ጉንፋን ነው አልናቸው። ቀጥሎ ቀኝ እጃቸው ሥራ ፈትቶ በጭናቸው ላይ ባረፈ ቍጥር ይንቀጠቀጥ ጀመር። እርምጃቸው አጠረ፤ ድምፃቸው ቀነሰ፤ ፊታቸውም ፈገግታውን አጣ። ጎረቤቱ ግማሹ እርጅና ነው፥ ግማሹ ዓይን ነው፥ ግማሹም መጠጥ ነው አለ። አያቴ በዕድሜያቸው ሙሉ መጠጥ ቀምሰው የማያውቁ ሰው ናቸውና ከመንቀጥቀጡ ይልቅ ይህ ሐሜት ጎዳቸው። በመጨረሻ አንድ ሐኪም መርምሮ በሽታው የፓርኪንሰን በሽታ የሚባለው መሆኑን ነገረን።

አሁን ደግሞ ስለ አክስቴ ልጅ ልናገር። እርስዋ በባዮሎጂ የዶክትሬት ማዕርግ ተቀብላ፥ በአውሮፓ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ የድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ ሆና ትሠራለች። የድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ ማለት ዶክትሬቱን ከጨረሰ በኋላ፥ ገና የራሱ ቤተ ሙከራ ሳይኖረው፥ በአንድ ነባር ፕሮፌሰር ሥር ለጥቂት ዓመታት በውል ተቀጥሮ ምርምር የሚሠራ ሰው ነው። የምትመራመረው ስለዚሁ ስለ ፓርኪንሰን በሽታ ነው። ስለዚህ ለገና በዓል ልትጠይቀን በመጣች ጊዜ ቤተ ዘመዱ ሁሉ መድኃኒት ይዛ የመጣች መስሎት ተሰበሰበ።

ምሳ ከተበላ በኋላ አጎቴ ነገሩን አነሡ። «ለመሆኑ አንቺ ዶክተር አይደለሽምን? ይህን ሁሉ ዓመት ስለዚህ በሽታ ተምረሽ አያትሽን የማታድኚ ከሆነ ትምህርትሽ ምን ይረባል?» አሏት።

እርስዋም «ጋሼ፥ እኔ ሐኪም አይደለሁም። የምሠራው ከበሽተኞች ቆዳ ወይም ደም የተገኘ ሕዋስ በሳህን ላይ አሳድጎ እንዴት እንደሚታመም መመልከት ነው። መድኃኒት በእጄ የለም» ብላ መለሰች።

በቤቱ ውስጥ ዝምታ ሆነ። እኔም እውነቱን ለመናገር አፈርሁላት። ነገሩን ያባሰው ደግሞ ሌላ ነው። አጎቴ በስልካቸው ላይ ከወደ ውጭ አገር የመጣ፥ «በስቴም ሴል መርፌ ፓርኪንሰንን እናድናለን» የሚል የአንድ ክሊኒክ ማስታወቂያ አግኝተው፥ የአያቴን ቦታ ለመሸጥ ደላላ አነጋግረው ነበር። የአክስቴ ልጅ ማስታወቂያውን አንብባ «ይህን አታድርጉ» አለች። ያን ጊዜ ክርክሩ ወደ ጠብ ተለወጠ። «አንቺ አታድኚ፤ የሚያድነውንም ትከለክያለሽ» አሏት። እኔም በልቤ ከአጎቴ ጋር ነበርሁ።

በማግስቱ ግን ከእርስዋ ጋር ተቀምጬ ጠየቅሁ፤ ከዚያም በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ። የተረዳሁትን ባጭሩ ልግለጽ። የዘመን ቍጥሩ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በመካከለኛው አንጎላችን ውስጥ ጠቆር ያለ መልክ ያለው አንድ ትንሽ ሥፍራ አለ። በዚያ ያሉት የነርቭ ሕዋሳት ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር ይሠራሉ። ይህም ሰውነታችን እንደ ፈቃዳችን ተስተካክሎ እንዲንቀሳቀስ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ መልእክት የሚያደርስ ነው። በፓርኪንሰን በሽታ እነዚህ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ። እጅ መንቀጥቀጥ በሚጀምርበት ጊዜ ብዙዎቹ አስቀድመው ሞተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2019 በዓለም ላይ ከ8.5 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ይህ በሽታ ነበረባቸው። እንግዲህ የጎረቤቶቻችን ዓይንም ሐሜትም እነዚህን ሁሉ ሰዎች ሊያሳምም አይችልም።

ሕዋሳቱ ለምን ይሞታሉ? ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጉበት ቢታመም ሐኪሙ በመርፌ ጥቂት ቁራጭ ወስዶ ይመረምራል። የሕያው ሰው አንጎል ግን እንደዚህ ተቆርሶ የሚመረመር አይደለም። ስለዚህ ሊቃውንት ብዙ ዘመን የሚመረምሩት የሞተውን በሽተኛ አንጎል ነበር። ይህም ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ዐመዱን እያገላበጡ እሳቱ ከየት ተነሣ ብሎ እንደ መጠየቅ ነው።

በ2006 ሺንያ ያማናካ የተባሉ ጃፓናዊ ሊቅ ከባልደረባቸው ጋር አንድ ትልቅ ነገር አገኙ። ከአይጥ የተወሰደ ተራ ሕዋስ ውስጥ አራት ጂኖች ቢጨመሩ፥ ሕዋሱ ወደ መጀመሪያው ሁኔታው፥ ገና ምን እንደሚሆን ወዳልተወሰነበት ጊዜው ይመለሳል። በ2007 ይኸው በሰው ሕዋስ ተደረገ። እንደዚህ ያለው ሕዋስ እንደ ዛፍ ግንድ ብዙ ቅርንጫፍ ሊያወጣ የሚችል ስለ ሆነ ግንድ ሕዋስ ወይም ስቴም ሴል ይባላል። እንደ አመራሩ የልብ፥ የጉበት ወይም የነርቭ ሕዋስ ይሆናል። ያማናካም በ2012 ከእንግሊዛዊው ከጆን ገርደን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፥ ይህ ለፓርኪንሰን ምን ማለት እንደ ሆነ አስቡ። ከበሽተኛው ክንድ ትንሽ ቆዳ ተወስዶ፥ ወደ ግንድ ሕዋስ ተመልሶ፥ ከዚያም ዶፓሚን የሚሠራ የነርቭ ሕዋስ እንዲሆን ይደረጋል። የበሽተኛው አንጎል ሳይነካ፥ የእርሱኑ ዘር የያዘ የነርቭ ሕዋስ በሳህን ላይ ሕያው ሆኖ ይታያል ማለት ነው። ዐመዱን ትቶ እሳቱን ገና ሲጫር ለመመልከት መሞከር ይህ ነው።

አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። አልፋ ሲኑክሊን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ በበሽተኞች አንጎል ውስጥ ተጠራቅሞና ተቋጥሮ ይገኛል። ይህን ፕሮቲን የሚያሠራው ጂን በማንኛውም ሰው ዘንድ ሁለት ነው፤ በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ ግን አራት ሆኖ ተገኘ። የዚያም ቤተ ሰብ ሰዎች ገና በጎልማሳነታቸው በጽኑ የፓርኪንሰን በሽታ ይያዙ ነበር። በ2011 ተመራማሪዎች የዚህን ቤተ ሰብ በሽተኛ ሕዋስና የአንድ ጤነኛ ዘመዱን ሕዋስ ወስደው ሁለቱንም ወደ ነርቭ ሕዋስ ለወጡ። የበሽተኛው ሕዋስ የዘመዱን እጥፍ ያህል አልፋ ሲኑክሊን ሠርቶ ተገኘ። ይህ ግኝት በዚያ ቀን አንድም ሰው አላዳነም። ነገር ግን የፕሮቲኑን ብዛት የሚቀንስ መድኃኒት የሚፈልግ ሰው የሚሞክርበትን ሥፍራ አገኘ።

ሥራው ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ። ቆዳው ግንድ ሕዋስ እስኪሆን ሳምንታት ያልፋሉ፤ ግንድ ሕዋሱም የነርቭ ሕዋስ እስኪሆን እንደገና ብዙ ሳምንታት ያልፋሉ። ሕዋሱ እንደ ሰው ሰውነት 37 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ ምግቡም በየጊዜው መለወጥ አለበት። እሑድ ነው፥ በዓል ነው አይልም። አንዲት ባክቴርያ ከገባች የብዙ ወር ድካም በአንድ ሌሊት ይበላሻል። የአክስቴ ልጅ እንደ ነገረችኝ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ሕዋሱ ወደ ግንድነት ሲመለስ የሰውየውም እርጅና አብሮ ስለሚጠፋ፥ የሰባ ዓመት ሽማግሌ በሽታ በጨቅላ ሕዋስ ላይ ይመረመራል። ይህን ጉድለት ሳትደብቅ ነገረችኝ። ማስታወቂያው ላይ ግን አንድም ጉድለት አልተጻፈም ነበር። እኔም ማንን ማመን እንዳለብኝ መለየት የጀመርሁት ከዚያን ጊዜ ወዲህ ነው።

አንዳንድ ሰው «ታዲያ ሕዋሱን አሳድገው በሽተኛው አንጎል ውስጥ ለምን አይተክሉትም?» ይል ይሆናል። ጥያቄው መልካም ነው፤ ተሞክሯልም። በጃፓን የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በ2018 የጀመሩትን ሙከራ ውጤት በ2025 አሳትመዋል። በሰባት በሽተኞች አንጎል ውስጥ ከግንድ ሕዋስ የተገኘ ሕዋስ ተከሉ። ከባድ ጉዳት አልታየም፤ ሕዋሱም ዶፓሚን ሲሠራ ታየ፤ መሻሻላቸው ከተመዘነው ስድስት ሰዎችም አራቱ በእንቅስቃሴያቸው ተሻሻሉ። ይህ ታላቅ ተስፋ ነው። ነገር ግን ሰባት ሰው ጥቂት ነው። ሐኪሞቹም ያገኙትን ከነቍጥሩ ለዓለም ሊቃውንት አቀረቡት እንጂ በማስታወቂያ አልሸጡትም። በአንጎል ውስጥ በጥንቃቄ የሚተከለውን የተመረመረ ሕዋስና ከየት እንደ መጣ ሳይታወቅ በክንድ ላይ የሚወጋውን መርፌ ሁለቱንም «ስቴም ሴል» ስለ ተባሉ ብቻ አንድ ማድረግ፥ ወርቅና ነሐስ ሁለቱም ያብረቀርቃሉ ብሎ በአንድ ዋጋ እንደ መግዛት ነው።

ደግሞም መትከሉ ብቻ እንደማይበቃ የሚያስረዳ ታሪክ አለ። በስዊድን አገር በሉንድ ከተማ ከ1987 ጀምሮ ከፅንስ የተገኘ ሕዋስ ለበሽተኞች ይተከል ነበር። አንዳንዶቹ በእርግጥ ተሽሏቸዋል። ነገር ግን እንደዚህ የተደረገላቸው አንዳንድ ሰዎች ከ10 ዓመት በላይ ቆይተው ከሞቱ በኋላ አንጎላቸው ሲመረመር፥ በአዲሱ ሕዋስ ውስጥ እንኳ የበሽታው ምልክት መታየቱ በ2008 ታወቀ። አዲስ ችግኝ ተተክሎ ቅጠሉን ያው የቀድሞው ተባይ ቢጀምረው፥ ገበሬው ሌላ ችግኝ ከመጨመሩ በፊት ተባዩን ማወቅ አለበት። እንግዲህ «ማዳን እንጂ መመርመር ምን ያደርጋል» ማለት አይቻልም። ሁለቱ አይለያዩምና።

አሁን ወደ አያቴ ክኒን ልምጣ። አያቴ ሌቮዶፓ ያለበትን ክኒን በቀን ሦስት ጊዜ ይውጣሉ። ክኒኑ በሽታውን አያቆመውም፤ ነገር ግን በደኅናው ሰዓት ሸሚዛቸውን ራሳቸው ይቈልፋሉ፥ ስኒም ራሳቸው ያነሣሉ። ይህ ክኒን ከየት መጣ? በ1817 ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለ የሎንዶን ሐኪም ስለ ስድስት በሽተኞች አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ጻፈ። ከእነርሱም አንዳንዶቹን ያያቸው በመንገድ ላይ ሲያልፉ ነው። እርሱ መድኃኒት አላገኘም፤ በ1824 ሞተ። በ1919 ኮንስታንቲን ትሬቲያኮፍ በፓሪስ ለዶክትሬቱ በጻፈው ጽሑፍ የሚጎዳው ያ ጠቆር ያለው የአንጎል ሥፍራ መሆኑን አስረዳ። እርሱም አላዳነም። በ1957 ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን በመድኃኒት ፈዝዘው መንቀሳቀስ ያቃታቸው ጥንቸሎች ዶፓ ሲሰጣቸው እንደገና እንደሚንቀሳቀሱ አሳየ። ያን ጊዜ አንድ የስዊድን ገበሬ ቢያየው «ይህ ምሁር ከጥንቸል ጋር ምን ያደርጋል?» ሳይል አይቀርም ነበር። በ1960 በቪየና ኦሌህ ሆርኒኪየቪች ከባልደረባው ጋር በሞቱ በሽተኞች አንጎል ውስጥ ዶፓሚን እጅግ መጕደሉን ለካ። በ1967 ጆርጅ ኮትዚያስ በአሜሪካ የሚዋጠውን መድኃኒት መጠን ቀስ በቀስ እየጨመረ በሽተኞችን ከተቀመጡበት አስነሣ።

ከ1817 እስከ 1967 ልክ 150 ዓመት ነው። በመካከሉ የነበሩት ሰዎች ሁሉ «አላዳናችሁምና ተዉት» ቢባሉና ቢተዉት ኖሮ፥ ዛሬ ጠዋት አያቴ የዋጡት ክኒን ባልኖረ ነበር። የአክስቴ ልጅም በዚያ ረጅም ሰልፍ ውስጥ ከቆሙት አንዷ ናት። በሰልፉ መጨረሻ ላይ ማን እንደሚደርስ እርስዋም አታውቅም።

«ይህ የሀብታም አገር ሥራ ነው፤ እኛ ወባና የሳንባ ነቀርሳ ያለብን ሕዝብ ምን አገባን?» የሚልም አይጠፋም። ወባና የሳንባ ነቀርሳ ይቅደሙ ቢባል አልቃወምም። ነገር ግን አገባን። እስካሁን በዚህ በሽታ ስለ ጂን የተደረገው ጥናት አብዛኛው በአውሮፓውያን ዘር ላይ ነው። በ2023 ናይጄሪያውያን ሊቃውንት ከሌሎች ጋር ሆነው፥ በአፍሪካውያንና ከአፍሪካ ዘር በሆኑ ሰዎች ዘንድ ለበሽታው የሚያጋልጥ አንድ ለውጥ ጂቢኤ 1 በሚባል ጂን ውስጥ አገኙ። ይህ ለውጥ በአውሮፓውያን ዘንድ እጅግም የማይገኝ በመሆኑ ያን ሁሉ ዘመን ሳይታይ ኖሯል። እኛ ካልተመረመርንና ካልመረመርን የእኛን በሽታ ሌላ ሰው በእኛ ፈንታ ሊያገኝልን አይችልም። «የባለቤቱን ልጅ ጎረቤት አያውቀውም» ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ክርክሩ እንዴት እንደ ተፈጸመ ልንገራችሁ። የአክስቴ ልጅ ልትመለስ በዋዜማው ምሽት አያቴ፥ ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ብለው የሰሙት፥ በቀስታ ተናገሩ። ድምፃቸው አነስተኛ ስለ ሆነ ሁላችንም ጠጋ አልን። በመጀመሪያ እጃቸውን ዘርግተው «ልጄ፥ ቆዳ ከሆነ የሚያስፈልግሽ ከእኔ ቍረጪና ውሰጂ» አሏት። እርስዋም ዓይኗ እንባ አቅርሮ «አባባ፥ ዝም ብሎ አይወሰድም። ፈቃድ አለው፥ ሥርዓት አለው፤ እርስዎም ምን እንደሚደረግበት በጽሑፍ ተረድተው ሲፈርሙ ነው» አለቻቸው። አያቴም ሥርዓት የሚወዱ ሰው ናቸውና ደስ አላቸው።

ከዚያም ወደ አጎቴ ዞረው እንዲህ አሉ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ማመልከቻ ስጽፍ ኖርሁ። በዚያው ቀን የተፈረደ አንድም አላስታውስም። አንዳንዱ ባለጉዳይ ሞቶ ፍርዱን ልጁ ተቀበለ። ነገር ግን ያልተጻፈ ማመልከቻ ሲፈረድለት አላየሁም። ይህችን ልጅ ተዋት፥ ትጻፍ። ቦታውንም አትሽጥ።»

አጎቴም መልስ አልሰጡም። ቦታው ግን አልተሸጠም። ገንዘቡ የሚውለው ለክኒኑና ሐኪሙ ላዘዘው የሰውነት እንቅስቃሴ ሆነ። በየማታው አያቴን ይዤ እስከ ወንዙ ድልድይ የምሄደው እኔ ነኝ። እግራቸው መሬት ላይ እንደ ተጣበቀ ሲቆም፥ «አንድ፥ ሁለት» እያልሁ እቈጥርላቸዋለሁ፤ በቍጥሩም ይራመዳሉ። አያቴ አልዳኑም፤ የሚድኑም አይመስለኝም። ይህን መደበቅ አያስፈልግም።

ጽሑፌን ከመፈጸሜ በፊት ሦስት ነገር እለምናለሁ። ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ምርምር እሠራለሁ ቢላችሁ «መቼ ትጨርሳለህ፥ ስንት ታገኛለህ» ብቻ አትበሉት፤ «ምን ትጠይቃለህ» ብላችሁም ጠይቁት። መምህራን ሆይ፥ በቤተ ሙከራችን ቁም ሣጥን ተቈልፎባቸው የሚኖሩት ማይክሮስኮፖች ለፈተና ሰሞን ብቻ አይውጡ፤ ሕዋስን በሥዕል ብቻ የሚያውቅ ተማሪ ተመራማሪ ሊሆን ይቸገራልና። ጓደኞቼ ሆይ፥ በመንገድ ወይም በታክሲ ሰልፍ ላይ እጁ የሚንቀጠቀጥ፥ ገንዘብ ቈጥሮ ለማውጣት የሚዘገይ ሽማግሌ ብታዩ ሰካራም ነው አትበሉ። ጥቂት ታገሡት።

እኔም የዘንድሮውን ፈተና ካለፍሁ ባዮሎጂ ለመማር ቈርጫለሁ። አጎቴ ይህን ሲሰሙ «ሌላ የማያድን ዶክተር መጣብን» ብለው ሳቁ። አያቴ ግን ብዕራቸውን ሰጡኝ።